ለሐረጎ የሚሆን ካምሻፍት

ባጃጅ ሲቀድመኝ አልተናደድኩም፤ ዘመኑ የባጃጅ ነው። አይሱዙ ሲቀድመኝም አልከፋኝም፤ በዚህ ሀገር አይሱዙ ያልቀደመው ሰው የለም። ነገሩ የተበላሸው አህዮቹ ሲያልፉኝ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ሳለ፣ ገብስ የጫኑ ሁለት አህዮች በቀኜ ብቅ አሉ። ለትንሽ ጊዜ ጎን ለጎን ሄድን። ከዚያ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ ጥለውኝ ሄዱ። ባለቤታቸው ከኋላ ይከተላል። መስኮቴ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አየኝና፣

«አብሽር፣ ወንድምዓለም!» ብሎኝ አለፈ።

እኛ ዘንድ «አብሽር» የሚባለው ለታመመ፣ ለከሰረ ወይም ሐዘን ለደረሰበት ሰው ነው። ከሦስቱ የትኛው ነኝ እያልኩ ዳገቱን ወጣሁ። ለማሰብ የሚሆን ጊዜ በሽ በሽ ነበር።

መኪናዬ ቮልስ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1969 ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር። አባቴ ከአንድ መምህር የገዛት ናት፤ እኔ ደግሞ ከአባቴ ወረስኳት። ቮልስን የሚንቅ ሰው ካለ ታሪክ ያንብብ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። ሮልስ ሮይስ ለለመደ ሰው ከሮልስ ወደ ቮልስ መውረድ በፊደል ሲታይ የአንድ ሆሄ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ከምንም ዙፋን ሳልወርድ ነው የተቀመጥኩባት።

ከመኪናዋ ጋር የወረስኩት መጽሐፍ ጉልበቷ 40 ፈረስ ነው ይላል። ይህ ቁጥር የተቆጠረው ግን ወደ ባሕር ወለል በተጠጋ ሜዳ፣ ጀርመን ሀገር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ጦሳ ተራራ እግር ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ ቤንዚኑን የሚያወራርደው በአየር ነው። አየሩ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እኔ እንደሚመስለኝ ከ40ው ፈረስ አሥሩ ገና ጣርማ በር ላይ ብርዱን አይተው ተመልሰዋል። ራስ ሚካኤል ፈረሰኛ አስከትለው ወደ ዐድዋ ከዘመቱበት ሀገር በ30 ፈረስ መንቀሳቀስ ያሳፍራል። ይሁንና 30ው ጤነኛ ቢሆኑ ሐረጎን ያወጡኝ ነበር። አላወጡኝም።

ሞተር ሲደክም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው ካርቡራተሩን ነው፤ ከላይ ስለተቀመጠና ስለሚታይ ይመስለኛል። እኔም ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ አሳጠብኩ። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፑንቲና ቀየርኩ፣ የቤንዚን ቱቦ ቀየርኩ። ቀይሬ ቀይሬ ሊቀየር የቀረው ሹፌሩ ብቻ ሆነ። ባለቤቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ «ይቺ መኪና ያነክሳታል» ትል ነበር። ስለ መኪና ምን ታውቃለች ብዬ ንቄ ተውኩት። እንደ ጉድ አወቀች።

በመጨረሻ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ የደሴ አሮጌ መኪናዎች ሁሉ የነፍስ አባት ናቸው። በልጅነታቸው ከጣልያን ጦርነት በኋላ እዚሁ የቀረ አንድ ጣልያናዊ መካኒክ ዘንድ ዕቃ እያጠቡ ነው ሥራ የጀመሩት። በዚህ ምክንያት ሞተርን የሚያክሙት በጣልያንኛ፣ የሚሰድቡት በአማርኛ፣ የሚመርቁት በአረብኛ ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ፤ ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ከደሴ ቢወጣም መፍቻውና የመፍቻው ስም እዚሁ ቀርቷል። ጋሼ በአሰብ መንገድ ዘመን ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ የሚባሉትን የጭነት መኪናዎች ሲያክሙ ኖሩ። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ እኔን ወደ መሰሉ ትናንሽ በሽተኞች ዞሩ።

«አስነሣት» አሉኝ። አስነሣሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አምባሰልና ባቲ የተባሉ ሁለት ቅኝቶች ከቦታ ስሙ ያወጣ ሀገር ጆሮ አይጠፋበትም።

«ከቅኝት ወጥታለች» አሉ። «አጥፋ።»

ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው በግራና በቀኝ ያሉትን የቫልቭ ክዳኖች ማቀፊያ ሽቦ በአውራ ጣታቸው ፈንቅለው ክዳኖቹን አነሡ። እኔን ሞተሩን በመፍቻ ቀስ ብለህ አዙር አሉኝ። አዞርኩ። ስምንቱን ቫልቮች የሚጫኑት ስምንት ትናንሽ ክንዶች ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ስድስቱ በደንብ ይሰግዳሉ። ሁለቱ፣ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ፣ አንገታቸውን ብቻ ነቅነቅ አድርገው ይተዉታል።

«ካሙ ተበልቷል» አሉ ጋሼ።

የምሠራው መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ «ተበላ» ሲባል ሳላስበው የሚያመልጠኝ ጥያቄ አለ።

«ማን በላው?»

ጋሼ አዩኝ። «ዘመን» አሉ።

እዚህ ላይ ካምሻፍት ምን እንደሆነ ልናገር። ሞተር ቤት ነው ብንል ካምሻፍት ዘበኛው ነው። አየርና ቤንዚን በየትኛው በር መቼ እንደሚገባ፣ ጭሱ መቼ እንደሚወጣ፣ በሩ ምን ያህል ተከፍቶ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው እሱ ነው። ራሱ ግን ተራ ዘንግ ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ በላዩ ላይ ባሉት ጉብታዎች ቅርጽ ውስጥ ነው ያለው። ጉብታው ታፔቱን ይገፋል፣ ታፔቱ ቀጭኑን ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ክንዱን፣ ክንዱ ቫልቩን። ልክ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ልዩነቱ እዚህ መድረሱ ነው።

የቮልስ ካምሻፍት ደግሞ ጉድ አለው። ስምንት ቫልቭ እያለ ጉብታው አራት ብቻ ነው። ሲሊንደሮቹ ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ ተኝተው ስለሚተያዩ፣ አንዷ ጉብታ ስትዞር አንዴ የቀኙን አንዴ የግራውን ቫልቭ ትከፍታለች። አንዲት እናት ሁለት ቤት ታበላለች እንደማለት ነው። እሷ ስትታመም ሁለቱም ቤት ጦሙን ያድራል። ባለቤቴ ያነክሳታል ያለችው ይኸንኑ ነው፤ መኪናዋ ከአራት እግሯ በሁለቱ ትሄድ ነበር።

«ካሙን ለማውጣት ምን ያስፈልጋል?» አልኩ።

«ሁሉንም ማውረድ» አሉ ጋሼ።

ካምሻፍቱ የተቀበረው በሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ከኮሎው ሥር ነው። ሆዱ ደግሞ ከሁለት ግማሽ የተጋጠመ ነው። ስለዚህ አንዲት ዘንግ ለማውጣት ሞተሩን ከመኪናው ማውረድ፣ ቴስታታውን፣ ሲሊንደሩን፣ ፒስተኑን ማውጣት፣ ከዚያ ሆዱን ለሁለት መክፈል ነው። አንድ ጥርስ ለመንቀል ጠቅላላ አፉን እንደማውረድ ነው። የሚያጽናናው፣ የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያዘው በአራት ብሎን ብቻ መሆኑ ነው። ክብደቱም ወደ 100 ኪሎ ቢሆን ነው። ጋሼና ሁለት ልጆች ክሪክ አስገብተው አቦል ቡና እስኪወርድ አወረዱት።

በማግሥቱ ካምሻፍቱን በቤንዚን አጥበው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ እጄ ላይ አኖሩልኝ። «በጣትህ ዳብስ» አሉኝ። ሦስቱ ጉብታዎች ጫፋቸው እንደ እንቁላል ጫፍ ነው። አራተኛዋ ግን ወንዝ ዳር እንደ ኖረች ጠጠር ክብ ሆናለች። ካሊፐር ስናስገባ ከእህቶቿ በ2 ሚሊ ሜትር አንሳ ተገኘች። የምስር ፍሬ ውፍረት ማለት ነው። እሷን ሲጋፉ የኖሩት ታፔቶች ፊታቸው ፈንጣጣ እንደወጣበት ሰው ተበሳስቷል።

አህያ ያስቀደመኝ ይህ የምስር ፍሬ ነው። እስቲ ግን ለጉብታዋም እንፍረድላት። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጉብታዋ 1,500 ጊዜ ትገፋለች፤ ለቀኙም ለግራውም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። በ40 ደቂቃ ብወጣው እንኳ ጉብታዋ 60 ሺህ ጊዜ ትዞራለች፤ ለሁለት ቤት 120 ሺህ ጊዜ ተነሥ ተቀመጥ ትላለች። ይህንን በየሳምንቱ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ። እኔ ቢሮ አንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ስጽፍ ወገቤን ያመኛል።

ወሬው እኛ ሰፈር ከአቦል እስከ በረካ ሳይደርስ ተዳረሰ። ቡና ላይ «ጀባ!» ተብሎ ምርቃት ሲያልቅ ምክሩ ተጀመረ። በሀገራችን ስለ ሦስት ነገር ምክር የማይሰጥ ሰው የለም፤ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ትዳርና ስለ ሰው መኪና።

አቦል ላይ የጀመረው የእህቴ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሜካኒካል ምህንድስና ይማራል። ስልኩን አውጥቶ፣ «አጎቴ፣ ከተከፈተ አይቀር ስፖርት ካም እናስገባ» አለኝ። ስፖርት ካም ማለት ጉብታው ከፍ ያለና ወፈር ያለ ነው፤ ቫልቩን አብልጦ ይከፍታል፣ አርፍዶ ይዘጋል። «ከነተጓዳኙ 10 ፈረስ ይጨምራል» አለ። አስቡት! ጣርማ በር ላይ የተመለሱት አሥሩ ፈረሶች በፖስታ ሊመጡልኝ ነው። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በሕልሜ አይሱዙ ስቀድም አደርኩ። ሾፌሩንም ሳልፈው ጎንበስ ብዬ «አብሽር» አልኩት።

ቶና ላይ የቶርኖ ቤት ያለው ጎረቤቴ ተናገረ። «ገንዘብህን አታባክን። የተበላውን በብየዳ ሞልተን በሞረድ ቅርጹን እንመልሰዋለን» አለ። ስለ ሞረዱ አንድ ነገር ከነከነኝ። የወንድሙን በር ሲሠራ አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚዘጋው በድንጋይ ተደግፎ ነው። በር በድንጋይ ይደገፋል፤ ቫልቭ ግን በደቂቃ 1,500 ጊዜ ድንጋይ የሚያቀርብለት የለም።

በረካ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዴ፣ «ምን አደከመህ? ኤሌክትሪክ ግዛ። ኤሌክትሪክ መኪና ካምሻፍት የሚባል ነገር የለውም» አለ። እውነቱን ነው፤ የለውም። መንግሥትም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ይህንን ሲናገር መብራት ሄደ። ባለቤቴ ሻማ ስታበራ ማንም ምንም አላለም፤ የወሎ ሰው እንግዳ አያሳፍርም።

በነጋታው የእህቴን ልጅ ስልክ ይዤ ወደ ጋሼ ሮጥኩ። ሥዕሉን አሳየኋቸው፤ አሥሩን ፈረስ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«በመኪናዋ የት ትሄዳለህ?»

«እንግዲህ... አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር...»

ዝም ብለው ጠበቁኝ። ጋሼ ዝም ሲሉ ሰው እውነቱን ይናገራል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ» አልኩ። «አልፎ አልፎ ሐይቅ፣ ለዓሣ።»

«ከማን ጋር?»

«ከባለቤቴ ጋር።»

«ስትመለሱስ ምን ትጭናላችሁ?»

«ሽንኩርት... አንድ ኩንታል... ለጎረቤትም ስለምናመጣ።»

«ሽንኩርት የሚጭን ስፖርተኛ አላየሁም» አሉ።

ከዚያ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነገሩን አስረዱኝ። እኔ ከምህንድስና መጽሐፍ ይልቅ ይህንን አምናለሁ። «ስማኝ የኔ ልጅ። ስፖርት ካም የሠርግ ቤት ዘበኛ ነው። በሩን ቧ አድርጎ ከፍቶ ይተወዋል። ሠርግ ቀን ሰው እየተገፋፋ ስለሚገባ ክፍት በር ይጠቅማል፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ይገፋል፤ የገባ አይወጣም። ሞተርም ሲጮህ፣ ሲፈጥን እንደዚያ ነው፤ አየሩ በፍጥነቱ ራሱን ገፍቶ ይገባል። በአዘቦት ቀን ግን በር ከፍተህ ብትተው ምን ይሆናል? ዶሮዎቹ ይወጣሉ። ሐረጎ ላይ ሞተርህ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ ቫልቩ ገና ስላልተዘጋ የሳበውን አየር መልሶ ይተፋዋል። የኛ አየር ድሮም ስስ ነው። ስሱን አየር ደግሞ በር ከፍተህ ታስወጣዋለህ?»

«አላስወጣም» አልኩ።

«ለዳገት በሩን በጊዜ የሚዘጋ ዘበኛ ነው የሚያስፈልግህ። ፋብሪካው መጀመሪያ የሰጣት ያው ስታንዳርዱ ይበቃታል።»

በልቤ ያሉት አይሱዙዎች አንድ በአንድ እንደገና ቀደሙኝ። ግን ነገሩ ገባኝ። የእህቴ ልጅ የመረጠልኝ ካምሻፍት ስህተት አልነበረም፤ ለሌላ ሰው ነበር። ለሚሮጥ፣ ወጣት ለሆነ፣ ሜዳ ላይ ለሚኖርና ሽንኩርት ለማይበላ ሰው። እኔም ለአንድ ሌሊት ያ ሰው ነበርኩ።

የቀረው ማግኘቱ ነው። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ስልክ ተደወለ። ደላላው፣ «አለ፣ ኦርጅናል ጀርመን» አለ። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው፣ «ስንት ሪቬት ነው?» አሉት። ደላላው ዝም አለ። የካምሻፍቱ ጥርስ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው በሪቬት ነው። የጥንቶቹ ባለ ሦስት ሪቬት ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጡት ባለ አራት ናቸው፤ የዘይት ፓምፓቸውም የተለየ ነው። የኔዋ የ1969 ስለሆነች ባለ ሦስት ናት። ደላላው፣ «ሦስት ነው፣ በልጄ እምላለሁ» አለ። ገንዘብ ላክን። በአውቶቡስ ረዳት እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። ፈታነው። አራት ሪቬት። የደላላውን ልጅ አላህ ይጠብቀው።

ሁለተኛው ሳምንት ቆይቶ መጣ። ባለ ሦስት ሪቬት ነው፤ «የጀርመን» የተባለው ግን ብራዚል የተሠራ ሆነ። ጋሼ አልተቀየሙም። ቮልስ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ ነው። ብራዚልም ሞተሯን ለዓመታት ሠርታዋለች። «ዕቃ ፓስፖርት አያስፈልገውም፤ መለኪያው ላይ ይቁም» አሉ። አቆሙት። አራቱም ጉብታዎች እኩል ወጡ።

ገና አልጨረስንም። ካምሻፍት እንደ ጫማ ቁጥር አለው። በጥርሱ ጀርባ ላይ በትንሹ የተመታ ዜሮ፣ አንድ መደመር፣ አንድ መቀነስ እያለ የሚሄድ ቁጥር አለ። ከኮሎው ጥርስ ጋር ሲጋጠም የሚኖረውን ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ነው። ቁጥሩ ካነሰ ጥርሱ ያንቋቋል፤ ከበለጠ ይጣበቃል፣ ያለቅሳል። ጋሼ የአሮጌውን ቁጥር በማጉያ መነጽር አነበቡ፤ ዜሮ። የአዲሱንም አነበቡ፤ ዜሮ። በሕይወቴ ዜሮ አምጥቼ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ወጪ ለመቀነስ ብዬ፣ «ታፔቶቹ ስድስቱ ደኅና ናቸው፤ እነሱን እንመልስ» አልኩ። ጋሼ በጣልያንኛ አንድ ነገር አሉ፤ ትርጉሙን አልጠየቅኩም። አሮጌ ታፔት በአዲስ ካም ላይ አይገባም። አሮጌው የሚያውቀው የድሮውን ጉብታ ነው፤ አዲሱን በጥቂት ጊዜ ይፈጨዋል። ስምንቱም አዲስ ተገዙ። ጠቅላላ ስንት እንደወጣ ለባለቤቴ ያልነገርኩትን ለእናንተ አልነግርም።

መግጠሙ ላይ የሚያምር ነገር አለ። በካምሻፍቱ ጥርስ ላይ አንዲት ነጥብ አለች፤ በኮሎው ጥርስ ላይ ሁለት። አንዷ በሁለቱ መካከል ስትገባ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ይሆናል፤ አንድ ጥርስ ቢዛነፍ በሩ ሊዘጋ ሲገባው ይከፈታል። ጋሼ ጉብታዎቹን ጥቁር ቅባት ቀብተው፣ «ቢስሚላህ» ብለው፣ ነጥቧን በሁለቱ መካከል አኖሯት። ሦስቴ አዩዋት፤ እኔንም አሳዩኝ፤ ልጆቹንም ጠርተው አሳዩ። ሦስት ነጥብ ለማየት አራት ሰው ተሰለፈ።

አዲስ ካምሻፍት የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ሕይወቱ ናቸው። ሞተሩ እንደተነሣ ወደ 2,000 ዙር ከፍ አድርጎ ሳያቋርጡ ማቆየት ነው፤ ዝግ ብሎ ከዞረ ዘይቱ ወደ ጉብታው በደንብ አይረጭም፤ አዲሱ ካምና አዲሶቹ ታፔቶች ሳይላመዱ ይፋጃሉ። ዘይቱም ይመረጣል። ለዘመኑ መኪና የሚሠራው ዘይት ዚንኩ ስለቀነሰ ለእንዲህ ያለው አሮጌ ሥሪት ስስ ነው፤ ጋሼ ዚንኩ ያልቀነሰውን አስፈልገው አመጡ። እኛ ግቢ ነበርን። ሞተሩ ተነሣ፤ ጋሼ ቤንዚን መስጫውን ረግጠው ሰዓታቸውን አዩ። ቮልስ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስትጮህ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዷ ጎረቤታችን ወፍጮ ቤት የከፈትን መስሏት እህል ይዛ መጣች። ባለቤቴ አቦሉን ያቀረበችው ሞተሩ ሲነሣ ነው፤ ጋሼ እግራቸውን ሲያነሡ ቶናው እየወረደ ነበር። ሞተሩ ዝግ ብሎ መዞር ጀመረ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሁን ቅኝቷን አግኝታለች» አሉና ስኒያቸውን አነሡ። ስንት ነው ስላቸው የተናገሩት ዋጋ ደላላው ለአንደኛው ስህተት ካስከፈለኝ ያነሰ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርደን ሽንኩርታችንን ጭነን ተመለስን። ባለቤቴ ሐረጎ ላይ ስንደርስ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች፤ «ማነከሱን ትታለች» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና ምክር የምጠይቀው ሁለት ሰው ብቻ ነው።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ካምሻፍት ስትመርጡ ከስልኩ በፊት መንገዳችሁን እዩ፤ የምትጭኑትንም መዝኑ። ሪቬቱን ቁጠሩ፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ አሮጌ ታፔት አትመልሱ። የት ትሄዳለህ ብሎ የሚጠይቅ መካኒክ ካገኛችሁ ደግሞ አትዋሹት። እኔ አሁን ሐረጎን ከነሽንኩርቴ በሁለተኛ ማርሽ እወጣለሁ። አህያ አይቀድመኝም። ባጃጅ ግን ይቀድመኛል።